ሎሚ የበላው ድንጋይ

"እብነ በረድ ነው ያልኩት! ነጭ!" አለች ማዳም፣ ለኩሽናው የመጡትን ናሙናዎች በጣቷ እየገፋች።

"ለሳሎን ይሁንልሽ" አሉ ድንጋይ ሠሪው ሽማግሌ። "ኩሽና ውስጥ ግን እብነ በረድ እንደ ሙሽራ ነው፤ ኩርፊያው ብዙ ነው።"

"እንጨቱስ?"

"ውሃ ይጠጣና ያብጣል። ይሄ በፕላስቲክ የተለበጠው ደግሞ ትኩስ ድስት ካረፈበት ጠርዙ ይላቀቃል።"

"እንግዲህ የምታጸዳው እሷ ናት" ብላ ወደ እኔ ዞረች። "ተናገሪ፣ የትኛው ይሻላል?"

ሰው ምረጥ ሲሉት ደስ ይለዋል አይደል? እኔ ግን ዓይኔ ሳላዝዘው ጥግ ላይ ወዳለው የዳቦ ሳጥን ሄደ።

አገር ቤት ላላችሁ ልንገራችሁ፤ እዚህ ቤይሩት ሽንኩርት የሚከተፍበትን፣ ድስት የሚያርፍበትን የኩሽና መደብ መጅላ ይሉታል። የእኛ መደብ በጭቃ ተመርጎ በእበት ይለቀለቃል፤ ከቆሸሸ እንደገና መለቅለቅ ነው፣ ማንም አይቆጣም። ማዳም አሁን ልትቀይረው ያለችው መጅላ ግን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የተዘረጋ ነጭ እብነ በረድ ነው። ከዓለም ከተማ አውቶቡስ በተሳፈርኩበት ማለዳ እማዬ በመስኮቱ በኩል "የሰው ዕቃ እንዳትሰብሪ" ብላኝ ነበር። ብርጭቆና ሳህን መስሎኝ እሺ አልኳት። መርሐቤቴ ተወልጄ ድንጋይ ልፍራ?

ለፋሲካ ማዳም ዶሮ አምጥታ "እንደ አገርሽ ሥሪልን" አለችኝ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። አሥራ ሁለት ብልት አውጥቼ፣ እማዬ እንደምታደርገው በሎሚና በጨው እያሸሁ፣ ውሃው እስኪጠራ ድረስ አጠብኩ። የተጨመቀውን ሎሚ እዚያው መጅላው ላይ ደርድሬ ወደ ሽንኩርቱ ሄድኩ። ተመልሼ ስጠርገው ክብ ክብ ምልክት ቀርቷል። የሚያብረቀርቀው ገጹ ደብዝዟል፣ በጣት ሲነኩት ይሻክራል። በሳሙና አሸሁት፣ እምቢ አለ። አመድ ስለሌለ በማጽጃ ዱቄት ፈተግኩት፣ ጭራሽ ባሰበት። ያን ጊዜ የዳቦ ሳጥኑን ጎትቼ ከደንኩት።

ከእኔ በፊት እዚህ ቤት የነበረችው ልጅ የመስታወት ጠረጴዛ ሰብራ ወደ መክተብ፣ ወደ አስቀጣሪው ቢሮ፣ ተመልሳለች። ከዚያ ወዴት እንደላኳት የሚያውቅ የለም። ቀሚሷ በእኔ ቁም ሳጥን ውስጥ ተሰቅሎ ቀርቷል፤ በከፈትኩ ቁጥር ያየኛል።

"ጥቁሩ ግራናይት" አልኩ፣ ከናሙናዎቹ ዳር ያለውን ድንጋይ እያሳየሁ። እዚያ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን ግጥም የለመደ አፍ መቼ በአንድ ስንኝ ያቆማል? "ትኩስ ድስት ይችላል። የእርድ ቀለም አይይዘውም። አንዴ በጨርቅ ሄድ ካሉበት ይጠራል። ሎሚም አይበላው።"

"ሎሚ?" አለች ማዳም።

"ልጅቷ ታውቃለች!" ሽማግሌው ደስ አላቸው። እኔን የረዱ መስሏቸው ከቅርጫቱ ሎሚ አነሱና ነጩ ናሙና ላይ ጨመቁት። "ቆይ፣ አሁን ታዪዋለሽ።"

ትንሽ ጠብቀው ጠረጉት። ያው የእኔ ምልክት ነበር።

ማዳም ናሙናውን አየች። እኔን አየች። ከዚያ ዓይኔን ተከትላ የዳቦ ሳጥኑን አነሳች።

"መቼ ነው?"

"ለፋሲካ... ዶሮዋን ሳጥብ።"

"በስንት ሎሚ?"

"በአሥር።"

"አሥር! ልታበስያት ነው ወይስ ልታጠምቂያት?"

ሽማግሌው ሳቁ። እኔም ሳቄ መጥቶ ነበር፤ ፊቷን ሳይ ተመለሰ።

"ኧረ ይሄ በማሽን ይወለወላል" አሉ ሽማግሌው፣ ሳቃቸውን ውጠው። "ደግሞስ ነገ ለሚነቀል ድንጋይ..."

"ስለ ድንጋዩ ማን አወራ?" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። "ጠዋት ጠዋት 'ሁሉ ደህና ነው?' እላታለሁ። እዚሁ ሳጥን አጠገብ ቆማ፣ ዓይኔን እያየች 'ደህና ነው' ትለኛለች።"

ስልኳን ከመጅላው ላይ አነሳች።

"ጥቁሩን ይግጠሙልኝ" አለቻቸው።

"ማዳም፣ ይቅርታ፣ እኔኮ..."

አልዞረችም። ፓስፖርቴ ያለበት መሳቢያ መኝታ ቤቷ ውስጥ ነው። ኮሪደሩን ስትሄድ የጫማዋን ድምፅ ተከተልኩ፤ ሳሎኑ ጋ ይቆማል ብዬ ነበር፣ አልቆመም። የመኝታ ቤቷ በር ተዘጋ፤ መሳቢያው ሲከፈት ሰማሁ።