ዙቤዳ መቶ አለቃውን ያሳሰረች ዕለት

ዙቤዳ ማጭዱን ግንድ ላይ ታጋድምና እጀታውን በጉልበቷ ትጫነዋለች። ሞረዷን ጫፉ ላይ አሳርፋ አንድ ጊዜ ወደፊት ትገፋለች፤ አንድ ጥርስ ወጣ። የግማሽ ስንዴ ፍሬ ያህል ፈቀቅ፣ ደግሞ ግፊት። እንዲህ እያለች እጀታው ድረስ ትመጣለች። በመጨረሻ የብረቱን ብናኝ እፍ ብላ ስለቱን በአውራ ጣቷ ዳሰስ ታደርገዋለች። ሮቤ ገበያ ላይ ሃያ ዓመት የኖረችበት ሥራ ይኸው ነው።

በዚህ ኅዳር ግን የሞረደችው ለራሷ ነበር። በዲንሾ መንገድ ዳር፣ ኮምባይነር የማይወጣው ዳገት ላይ ገብሷ ደርሷል፤ ሰማዩ ደግሞ ያለ ወቅቱ ጠቁሯል። ዝናቡ ከቀደማት የዓመት ቀለቧ ዛላው ላይ ይበቅላል። የቀበሌው ሊቀመንበር ቀነኒሳ ለጦር ካምፑ ደብዳቤ ጻፈላትና በማግስቱ ሠላሳ ወታደር ያለ ጠመንጃ መጣ፤ እሷም የሞረደችውን ማጭድ አደለቻቸው።

አዛዣቸው ወጣቱ መቶ አለቃ ክብሩ በአንድ መስመር አሰልፎ ሽቅብ አስጀመራቸውና ዳር ቆመ።

«ኧረ ልጄ፣ ሽቅብ አይታጨድም!» ጮኸች ዙቤዳ። «ነዶው ቁልቁል እየተንከባለለ ፍሬው ይረግፋል። አግድም ይሂዱ!»

«አዴ ዙቤዳ፣ እርስዎ አረፍ ይበሉ። የማዝዘው እኔ ነኝ።»

«እሱ ካምፕህ ውስጥ ነው! ይሄ ደቦ ነው፤ የደቦ አዛዥ ባለማሳው ነው። በደቦ ቀን እጁን አጣጥፎ የቆመ ደግሞ በገብስ አገዳ ይታሰራል፤ አጭዳለሁ ካላለ አይፈታም። በሉ እሰሩት!»

ወታደሮቹ እርስ በርስ ተያዩ። አሥር አለቃ ምኞት አገዳ ጠምዝዛ ተጠጋች። «ይቅርታ ጌታዬ፤ የአገሩን ደንብ አክብሩ ያሉን እርስዎ ነዎት።»

ማሳው በሳቅ ተናጋ። መቶ አለቃውም እየሳቀ እጁን ሰጠ።

«ሥራ ጠልቼ አይደለም» አለ ታስሮ። «የምሠራው በግራ እጄ ነው፤ ማጭዱን ብሞክረው አልቆርጥ አለኝ።»

«ታዲያ ይህን ቀድመህ አትናገርም?»

የማጭድ ጥርስ የሚወጣው ለቀኝ እጅ እንዲሆን በአንድ ፊት ብቻ ነው፤ ዙቤዳ ጥርስ ያልወጣለት ማጭድ አንስታ በተቃራኒው ፊት ሞረደችለት። አስፈታችው፤ እሱም ወታደሮቹን አግድም አዙሮ ራሱ ከፊት ገባ። አሥር ሰዓት ላይ የመጀመሪያው ጠብታ ሲወርድ ክምሩ ክዳኑን ለብሶ ነበር።

ይህን ለምታነቡ ዙቤዳ አደራ ትላለች፦ «ወታደር እንዲላክላችሁ ስትጽፉ፣ ማሳው ላይ የሚያዝዘው ባለማሳው ነው ብላችሁ ጻፉበት። በግራቸው የሚያጭዱት ስንት እንደሆኑም ጠይቁልኝ፤ እኔ ከወዲሁ ልሞርድ።»