ዝምድና የሚለው ባዶ ቦታ

ወንድሜ ሲያሾፍብኝ «ጉምሩክ» ይለኛል። አሜሪካ፣ ዴንቨር አጠገብ ባለችው አውሮራ ከተማ ውስጥ አንድ የሕብረ ሕዋስ ላቦራቶሪ ነበር የምሠራው፤ ሥራዬ ግን ከደም ጋር አልነበረም። ኩላሊት የሚቀበለውና የሚሰጠው ሰው ደማቸው ይመሳሰል እንደሆነ ምድር ቤት ይመረመራል። እኔ ፎቅ ላይ ተቀምጬ ለእያንዳንዱ ምርመራ ኮድ ሰጥቼ ወደ ኢንሹራንስ እልካለሁ። ኮድ ከመስጠቴ በፊት የሐኪሙ ማዘዣና የላቦራቶሪው ውጤት መስማማታቸውን አያለሁ፤ ካልተስማሙ መልሼ እልካለሁ። ስንቱን ዶክተር ፊርማ ረስተሃል ብዬ መልሼበታለሁ! ደስም ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም። የድሮዎቹ ኮዶች ቀርተው አዲሶቹ በገቡበት ዓመት ሰዉ ሁሉ ሲደናበር፣ እኔ በየጠረጴዛው የምጠራ ሊቅ ሆኜ ነበር።

በዚያው ዓመት በብርዱ ወራት የአባቴ ኩላሊቶች ሥራ አቆሙ። አባቴ ዴንቨር፣ ካፒቶል ሂል ሰፈር አንድ ክፍል ቤት ተከራይተው፣ መጀመሪያ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ወደ ሥራ የሚወስዳቸውን አውቶቡስ እየጠበቁ፣ በኋላ ታክሲ እየነዱ ያሳደጉን ሰው ናቸው። እናታችን ካረፈች ቆይታለች። በሳምንት ሦስት ቀን ለኩላሊት እጥበት ይሄዱ ጀመር፤ ሲመለሱ ጫማቸውን ለማውለቅ እንኳ አቅም አልነበራቸውም። እኔ ስኳር ስላለብኝ መስጠት አልችልም። ወንድሜ ግን እዚያው አካባቢ ቶርንተን ነው የሚኖረው፣ መንገደኛ የሚያመላልስ የአየር ማረፊያ ሹትል ይነዳል፣ ጤናው እንደ ብረት ነው። ሐኪሙ ተናግሮ ሳይጨርስ «የኔን ይውሰዱ» አለ።

ፍርሃቱ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ወንድሜን አባቴ አልወለዱትም።

ሱዳን፣ ስደተኞች ካምፕ ውስጥ፣ ከድንኳናችን አጠገብ የነበረች ሴት በወባ ሞተች። አራት ዓመት የሚሆነው ልጅ ነበራት። በማግስቱ መዝጋቢዎች መጡ። አባቴ የልጁን እጅ ይዘው ተሰለፉ፤ ተራቸው ሲደርስ «ልጄ ነው» አሉ። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ ከኋላቸው ቆሜ ሰማሁ። የልደት ቀኑንም እንደ ሁላችን ጃንዋሪ አንድ ብለው ጻፉለት። ከዚያ ወዲያ ቤታችን ውስጥ አንድ ሕግ ነበር፤ አንዴ ወረቀት ላይ የሰፈረ ነገር አይለወጥም። ግሪን ካርድ ሲሞላ፣ ዜግነት ሲወሰድ፣ ያው ቃል፣ ያው ቀን። ወንድሜም ያውቃል፤ አውጥቶ የሚናገር ግን የለም። ሁላችንም ዜጋ ከሆንን በኋላ እንኳ፣ አንድ ቀን አንድ ሰው ፋይል ከፍቶ «ይህ ልጅ የማን ነው?» ይላል ብለን እንፈራለን። በሩ ሲንኳኳ ቴሌቪዥን ቀንሰን የምናዳምጥ ሰዎች ነን።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ወንድሜ ከሆስፒታሉ ደወለልኝ።

«ስሚ፣ ፎርሙ ላይ ሪሌሽንሺፕ፣ ዝምድና የሚል ቦታ አለ። ምን ልሙላ?»

መልሱን ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ለጓደኛ፣ ለጎረቤት፣ አብሮ ለሚያስቀድስ ሰው ኩላሊት የሚሰጡ ሰዎች ፋይል በየሳምንቱ በእጄ ያልፋል። «ጓደኛ» ብሎ ቢሞላ ማንም ልብ አይለውም። ልጅ የዘር ምልክቱን ግማሽ ከአባቱ እንደሚወስድ፣ ካልወሰደ ደግሞ ምርመራው እንደሚያሳብቅ ጠንቅቄ አውቃለሁ። ለወንድሜ የመለሰችለት ግን ያች ካምፑ ውስጥ ከአባቷ ኋላ የቆመችው የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች።

«እንደ ወረቀታችን ነዋ! ልጅ ነኝ በል።»

«ሹር ነሽ? እርግጠኛ?»

«ጠየቅኸኝ፣ መለስኩልህ።»

ስልኩን ገና ከጆሮዬ ሳላወርድ ምርመራው ትዝ አለኝ። መልሼ ደወልኩ። ፎርሙን አስረክቦ ወጥቷል።

በመሥሪያ ቤታችን የቤተሰብን ፋይል መንካት ክልክል ነው። ስለዚህ የአባቴ ፋይል አጠገቤ ወደምትቀመጠው፣ ሥራውን ወዳስተማረችኝ በዕድሜ የገፋች አሜሪካዊት እንደሚሄድ አውቅ ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ እሷ ገጽ በገለጠች ቁጥር እኔ ፊቷን በጎን አያለሁ። ምሳዬን ይዤ ሄጄ ይዤ እመለሳለሁ። አንድ ሐሙስ ከምሳ በኋላ ወንበሯን ወደ እኔ አዞረች።

«መመለስ የምታውቂበት አንቺ ነሽ፣ እስቲ ልጠይቅሽ። የተላከው አባትና ልጅ ተብሎ ነው። ላቦራቶሪው ግን ከተጻፈው ዝምድና ጋር አይጣጣምም ብሎበታል። ላሳልፈው ወይስ ልመልሰው?»

ስም አልጠራችም። ስም አላስፈለገኝም። ታምነኛለች፤ አሳልፊው ብላት ታሳልፈው ነበር። ካለፈ ምናልባት ኢንሹራንሱ አይቶ ይጠይቃል። ከተመለሰ ደግሞ ሆስፒታሉ ይጠይቃል። ሁለቱም አስፈሩኝ።

«ያንን ፋይል እኔ ማየት አልችልም» አልኳት በመጨረሻ።

ገባት። አንገቷን ነቅንቃ ወደ ስክሪኗ ዞረች፤ ከዚያም እኔ የማላውቀውን ሰው ፋይል እንደምመልሰው ሁሉ፣ ለንቅለ ተከላው አስተባባሪ «ይጣራ» ብላ መለሰችው።

የዚያኑ ዕለት ከሥራ በቀጥታ ወደ አባቴ ቤት ነዳሁ። ወንድሜም መጥቶ ነበር። ያደረግኩትን ነገርኳቸው። አባቴ መነጽራቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

«በቃ፣ ይቅር» አሉ።

«አባባ፣ ሐኪሙ እኮ እጥበቱ ብዙ አያቆይዎትም ብሏል።»

«ይቅር አልኩ! እሱን ከዚህ አገር ከሚያባርሩት እኔ ልሙት።»

ወንድሜ ቱግ አለ። «ሲትዝን ነኝ እኮ አባባ! ማን ነው የሚያባርረኝ?»

«የሰጡህን መልሰው መውሰድ ያቅታቸዋል?»

ወንድሜ ወደ እኔ ዞረ። «ጉምሩክ፣ ንገሪያቸው እንጂ!» ምን ልንገራቸው? እኔም እንደሳቸው ፈርቻለሁ። አባቴ በቀጣዩ ሰኞ እጥበት አልሄድም አሉ፤ ማክሰኞ እግራቸው አብጦ ጫማ እምቢ አለ። ረቡዕ ጠዋት ሆስፒታሉ ሦስታችንንም ሲጠራን፣ ወንድሜ ደግፎ መኪና ውስጥ አስገባቸው።

አባቴ ሙሉ ልብስ ለብሰዋል። ከካምፑ ጀምሮ ያጠራቀሙትን ወረቀት በፌስታል ይዘው፣ ጉልበታቸው ላይ በሁለት እጃቸው ጨብጠውታል። አስተባባሪዋ ወጣት ሴት ናት። ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልክ ውስጥ አማርኛ አስተርጓሚ አለ። እኔ በሩን በሩን አያለሁ፤ ሌላ ሰው የሚገባ መስሎኝ።

ማንም አልገባም። ሴትዮዋ ለጋሽ የግድ ዘመድ መሆን እንደማያስፈልገው ነገረችን፤ ፎርሙ ብቻ ይስተካከልና አባቴ ይፈርሙበት አለች። ስለ ካምፑ አልጠየቀችም። ፌስታሉንም ዞር ብላ አላየችውም። ለዚህ ነበር እንዴ ያ ሁሉ ፍርሃት ብዬ ልስቅ ምንም አልቀረኝ።

አባቴ አስተርጓሚውን እንዲደግምላቸው ጠየቁት።

«ለጋሹ ከተቀባዩ ጋር ምንም ዝምድና የለውም፣ ነው የሚለው» አለ ድምፁ።

አባቴ እስክሪብቶውን አስቀመጡት። «ይህን አልፈርምም።»

ጮኽኩባቸው። በዕድሜዬ አባቴ ላይ ጮኼ አላውቅም። «አባባ፣ አለፈ እኮ! ማንም ምንም አላለም!»

«ፖሊስ የምፈራ መስሎሽ ነበር?» አሉኝ። «ሠላሳ ዓመት የፈራሁት ይህንን ቃል ነው። አንድ ቀን መጥተው ልጅህ አይደለም ይሉኛል ብዬ። አሁን ራሴ በእጄ ልፈርምበት?»

አስተርጓሚው ይህን አልተረጎመውም። አስተባባሪዋ እንድነግራት እኔን ታየኛለች፤ እኔ ግን ወረቀቱ ላይ «ዝምድና» የሚለውን ቃል አያለሁ። የስንቱን ሰው ፋይል በዚህ ቃል ምክንያት መልሼ ልኬአለሁ።

ወንድሜ ወንበሩን ስቦ ተጠጋቸው። እስክሪብቶውን አንስቶ ጣታቸው መሃል አደረገ።

«ይፈርሙ አባባ» አለ ቀስ ብሎ። «ልጅዎ ባልሆን ፎርሙን ተሳስቼ እሞላው ነበር?»

ፈረሙ። ፊርማው ከመስመሩ ወጥቶ ወረደ። ኮሪደሩ ላይ ክንዴን ያዙና «ይህ ወረቀት የት ነው የሚሄደው?» አሉኝ።

ይህን ጥያቄ ከእኔ የተሻለ የሚመልስ ሰው አልነበረም። ከሆስፒታሉ ወደ ላቦራቶሪው፣ ከላቦራቶሪው ወደ ኢንሹራንሱ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ የት ተቀምጦ ማን እንደሚያየው እኔም አላውቅም።

«ከእኔ ጠረጴዛ አያልፍም» ብዬ ዋሸኋቸው።

ኩላሊቱ ይሠራል። አባቴ በእጥበቱ ጊዜ ተከልክለው የነበረውን ሙዝ አሁን እንደ ልባቸው ይበላሉ፤ ወንድሜም ወደ ሹትሉ ተመልሷል። የአባቴ ፖስታ ሣጥን ቁልፍ ግን እኔ ጋ ነው። ከሥራ ስወጣ በዚያ በኩል አልፋለሁ፤ የመንግሥት ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ካለ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ ከሳቸው ቀድሜ አነበዋለሁ። እስካሁን የመጣው የጡረታና የምርጫ ወረቀት ብቻ ነው። ነገም እሄዳለሁ።