የተሰነጠቀውን ካርተር ይዘን ወደ ኮምቦልቻ

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከደሴ ተነሣን። እኔና ልጄ ዘሃራ ከአንድ አይሱዙ ሾፌር አጠገብ ተቀመጥን፤ ከኋላችን ጭነቱ ላይ አሮጌዋ ዶቅዶቄዬ በገመድ ታስራለች። የመንገዳችን ዓላማ ካርተሯን ማስበየድ ነው። ካርተር ሞተሩን ከነዘይቱ አቅፎ የሚይዘው የአሉሚኒየም ቤት ነው። መዳፍ የሚያህል ስንጥቅ ወጥቶበታል። የዚህች ዶቅዶቄ መለዋወጫ ከገበያ ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖታል።

ዘሃራ በቢስቲማ አካባቢ ነርስ ናት። ክትባት ይዛ ወደ ቆላው ቀበሌዎች የምትወርደው በዚህች ዶቅዶቄ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ቁልቁለት ላይ ሰንሰለቱ ተበጠሰባት። ተጠቅልሎ ሰንሰለቱን በሚያዞረው ጥርስና በካርተሩ መካከል ገባና ካርተሩን ሰነጠቀው፤ የኋላ ጎማው ተቆለፈ። ገደሉ አፋፍ ላይ የያዛት የቁልቋል አጥር ነው። ጉልበቷ ተልጦ መጣች።

እኔ ምን አደረግሁ? ደሴ ሰኞ ገበያ ሰፈር ባለው ሱቄ ደጃፍ ላይ፣ ጎረቤት ሁሉ እየሰማ፣ «ማርሽ እየገጨሽ ሰንሰለቴን በጠስሽው» ብዬ ገሠጽኳት። የልብስ ስፌት መኪና ጠጋኝ ነኝ። ማንም አላስተማረኝም፤ ፈትቼ እያየሁ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ በዚህም እኮራ ነበር።

ልንነሣ ስንል ዘሃራ ጎንበስ ብላ እኔ ያሰርኩትን ገመድ ስትፈትሽ አየኋት።

«የአባትሽን ሥራ ትመረምሪያለሽ?» አልኳት።

ቀና አለች። ገመዱን ለቅቃ ወደ መኪናው ገባች።

ሐረጎ

ጢጣን አልፈን የሐረጎን ጠመዝማዛ መውረድ ስንጀምር ፍርሃቴ ተነሣ። መንገዱን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ያን ጠዋት ግን በየመታጠፊያው የማየው ልጄን ነበር። ጎማው ተቆልፎ ወደ ገደሉ ስትንሸራተት ትታየኛለች። ሰኞ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ብየዳው ቢለቅስ? ሰንሰለቱ ዳግመኛ ቢበጠስስ? ቁልቋል በየገደሉ አፋፍ አይበቅልም።

ሳላስበው በእግሬ ወለሉን እየረገጥኩ፣ በእጄ ዳሽቦርዱን ጨምድጄ ይዤ ኖሯል።

«ጋሼ፣» አለ ሾፌሩ፣ «ፍሬኑን እኔ እይዘዋለሁ። እርስዎ ዳሽቦርዱን ብቻ ይልቀቁልኝ።»

ዘሃራ ሳቀች። ከወደቀች ወዲህ ስትስቅ የሰማሁት ያኔ ነው።

ኮምቦልቻ

ስንደርስ የደሴ ብርድ የለም፤ ሁለታችንም ጃኬታችንን አወለቅን። አሉሚኒየም በመበየድ የታወቀው እንድሪስ ከመናኸሪያው ጀርባ ነው የሚሠራው። አርባዎቹን ያጋመሰ፣ ቅንድቡ በእሳት የሳሳ ሰው ነው።

«አሰላሙ ዓለይኩም ጋሼ። ይህችን ከየትኛው ሙዚየም ሰረቋት?»

«ወዓለይኩም ሰላም። አፍህን ትተህ እጅህን አሳየኝ» አልኩት።

እስከ ቀትሩ የዙህር ሶላት ድረስ ሞተሩን አውርደን ፈታነው። እንድሪስ ካርተሩን በቤንዚን አጠበ። ስንጥቁ እንዳይቀጥል ሁለቱን ጫፎቹን በቀጭን መብሻ በሳ። ከዚያ ዙሪያውን ደረቅ ሳሙና ቀባና በከሰል ምድጃ ላይ አስቀመጠው።

«ሳሙናው ምን ያደርጋል?» አለች ዘሃራ።

«አሉሚኒየም እንደ ብረት ቀልቶ አያስጠነቅቅም እህቴ። ዝም ብሎ ይቆይና ድንገት ይፈሳል። ሳሙናው ነው ሙቀቱን የሚነግረኝ።»

«ቢያልፍብህስ?» አልኩ።

«ያኔማ ካርተር የለም፤ ማንኪያ እሠራልዎታለሁ።»

አልሳቅሁም። ሌላ ዶቅዶቄ የምገዛበት አቅም የለኝም፤ ይህች ከቀለጠች ልጄ በየሳምንቱ አምስት ሰዓት በእግሯ ልትሄድ ነው። ሳሙናው ቢጫ ሆነ፤ ቀጥሎ የተቆላ ገብስ መሰለ። እንድሪስ «ቢስሚላህ» ብሎ ካርተሩን በየደው። ከዚያም ቀስ ብሎ እንዲበርድ አመድ ውስጥ ቀበረው። ለብየዳው ሦስት ሺህ ብር ጠየቀ፤ አልተከራከርኩም። እህቴ ቤት አደርን።

እሑድ

ጠዋት እንድሪስ የብየዳውን ውጭ ጠመኔ ቀባ፤ ከውስጥ ነጭ ጋዝ አፈሰሰበት። ቢያሳልፍ ጠመኔው ይረጥባል። አንድ ሰዓት ሙሉ ከፊቱ ሳልነቃነቅ ተቀመጥኩ። ጠመኔው ደረቅ ነው። አልሐምዱሊላህ አልኩ፤ ፍርሃቴ ያለቀ መሰለኝ።

ሞተሩን ገጠምን። አዲስ ሰንሰለት ገዝቼ ነበር። እንድሪስ ለሽምግልናዬ ሲል፣ «መዝጊያውን እርስዎ ይዝጉ» አለኝ። የሰንሰለቱን ሁለት ጫፍ የሚያያይዘው ማገናኛ የሚቆለፈው ክሊፕ በምትባል ጥፍር በምታክል ብረት ነው፤ አንዱ ጫፏ ድፍን፣ ሌላው ክፍት። በጉጠት ጠቅ አደረግኋት።

እንድሪስ እጄን ያዘኝ።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚገጥሟት?»

«ሠላሳ ዓመት።»

ጎማውን በእጁ አዞረ። «ሰንሰለቱ የሚሄደው በዚህ በኩል ነው። ክፍት አፏን ከፊት አደረጉት። ጠጠር ሲነካት ተስፈንጥራ ትወጣለች፤ ሰንሰለቱም ይለያያል። አፏ ወደ ኋላ ነው መሆን ያለበት።»

«እኔ ስነዳ ለምን አልወጣችም?»

«እርስዎ አስፋልት ላይ ነዱ። እሷ ኮረት ላይ ነዳች። ወላሂ ጋሼ፣ አላህ ነው የጠበቃችሁ።»

ጉጠቱ ከእጄ ወደቀ። ብየዳውን እያየሁ ስፈራ ሁለት ቀን ሙሉ የፈራሁት የተሳሳተ ነገር ነበር። ካርተሩን የሰበረው እጄ ነው። ሰኞ ጠዋት ልጄን በዚያው እጅ፣ በዚያው ስሕተት፣ ወደዚያው ቁልቁለት ልሸኛት ነበር።

«ዘሃራ» አልኩ። «ማርሽ አልገጨሽም።»

«አውቃለሁ አባ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬዎት ነበር።»

እውነት ነው፤ ያን ቀን ሱቄ ደጃፍ ማርሽ አልገጨሁም ብላኝ ነበር። እኔ ነኝ ያልሰማሁት። ጉጠቱን ከመሬት አንሥቼ ሰጠኋት። ክሊፗን አውልቃ፣ አፏን ወደ ኋላ አዙራ፣ ራሷ ገጠመቻት። እንድሪስ አየና ልክ ነው ሲል ራሱን ነቀነቀ።

ወደ ቤት

ከሰዓት በኋላ ሐረጎን ስንወጣ የነዳችው እሷ ናት፤ እኔ ከኋላዋ ሁለት ትከሻዋን ይዤ ነበር። ፈራሁ፤ አልደብቅም። ሞተሩ ድምፁን በቀየረ ቁጥር ጎንበስ ብዬ ካርተሩን አያለሁ። እሷም ትፈራ ነበር፤ ትከሻዋ ድንጋይ ሆኖ ነበር። ጢጣ ስንደርስ ቆመን ካርተሩን በነጭ መሐረብ ጠረግሁት። መሐረቡ ዘይት ሳይነካው ንጹሕ ወጣ። ትከሻዋ የላላው ከዚያ በኋላ ነው።

ሰኞ ገበያ ስንገባ ጎረቤቶቼ እንደ ልማዳቸው ሱቁ ደጃፍ ተቀምጠዋል። ሳልቀመጥ፣ «ሰንሰለቱን ያስበጠስኩት እኔ ነኝ። ዘሃራን ያለ ጥፋቷ ነው የገሠጽኋት» አልኳቸው።

ከዚያ ልብስ ሰፊዋ ዘይነባ፣ «እንግዲያው የኔን የስፌት መኪናም ገልብጠህ ገጥመኸው እንደሁ ነገ እናያለን!» አለች፤ ሁሉም ሳቁ። እኔም ነገ አያለሁ አልኩ፤ የምሬን ነው።

ራሱን ያስተማረ ሰው ስሕተቱንም ራሱን አስተምሮ ይኖራል፤ የሚያርመው ሰው አጠገቡ እንዲቆም ካልፈቀደ። ይህን ለልጆቼ ስነግር ኖሬ ቢሆን መልካም ነበር። የነገርኳቸው ግን «የአባትን ሥራ አትመርምሩ» የሚል ነው።

ሰኞ ንጋት ላይ ዘሃራ የክትባት ሳጥኗን ዶቅዶቄዋ ላይ ጫነች። ከመነሣቷ በፊት እኔን አየችኝና አመነታች። ከዚያ ጎንበስ ብላ በጣቷ የክሊፗን አፍ ዳሰሰች።

የእጅ ባትሪዬን አብርቼ ያዝኩላት።