የምንጭ ዳርን ውሃ ልቀምስ ወጥቼ

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። እኔ አወራለሁ፣ የልጅ ልጄ በስልኳ ትጽፋለች። ስህተት ካገኛችሁ የሷ ነው፤ ደህና ደህናው የኔ።

ሐሙስ ጠዋት ከፈረንሳይ ለጋሲዮን የተነሳሁት ታላቅ እህቴን እትዬ ደብሪቱን ላመጣት ነው። እንጦጦን ተሻግሮ ምንጭ ዳር በምትባል የገበሬ መንደር ነው የምትኖረው፤ ሁለታችንም እዚያ ነው የተወለድነው። ዓይኗን ሞራ ጋርዶታል። ሐኪም ቤት ተራዋ ለሰኞ ደርሷል፣ እሷ ግን ልጇ ግርማ ቢለምን ቢለምናት እምቢ አለች። መጣና «አክስቴ፣ እርስዎን ነው የምትሰማው» አለኝ። ከተወለድኩ ጀምሮ አንድ ቀን ሰምታኝ አታውቅም። ግን ሽርሽር ነው፣ እሺ አልኩ።

ዳገቱ

ታክሲው ውስጥ ረዳቱ «እማማ፣ ጠጋ በሉ» ይለኛል። ወዴት ልጠጋ ልጄ፣ ሾፌሩ ጭን ላይ? አልኩት። ሾፌሩ ሳቀና ጋቢና አስቀመጠኝ።

የታክሲው መንገድ ሲያልቅ በእግሬ ያዝኩት። ባሕር ዛፉ ውስጥ ቅጠልና ጭራሮ የተሸከሙ ሴቶች ጎንበስ ብለው ይወርዳሉ። ኪዳነ ምሕረት ደርሼ በሩን ተሳለምኩና አንዲት ሴት ጋ ሦስት የተቀቀለ ድንች ከነሚጥሚጣው በሃያ ብር ገዛሁ። ተወደደ ብዬ ስከራከራት «ዳገቱን ጨምሬ ነው እማማ» አለችኝ። እሷን ወደድኳት። ድንቹም ጥሩ ነበር።

ጫፉን ስታልፉ ነፋሱ ይለወጣል። ከተማው ከኋላ ይቀራል፣ ባሕር ዛፉ ይሳሳል፣ ከዚያ ገብስና ባቄላ ብቻ፤ በየድንበሩ አደይ አበባ። እሸት እየፈለፈልኩ ወረድኩ። የማን ማሳ እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ምንጭ ዳር

እትዬ ደጅ ተቀምጣ ፊቴን በእጇ ዳበሰችና «ወፍረሻል» አለችኝ። በእጅሽ ያየሽው ይሄን ካከለ ዓይንሽ ሲበራማ አልተርፍም አልኳት።

የመንደሩ ነገር እንዲህ ነው። ድሮ ሁለት ቤት ብቻ ነበር ይባላል፤ አንዱ ከጥንትም እዚያው ያረሰ ኦሮሞ፣ አንዱ ቤተ ክርስቲያኑን ተከትሎ የመጣ ድቁና ያለው ሰው። ተጋቡም፣ በውሃ ተጣሉም። ዱላ ሲማዘዙ ከሁለቱም ቤት የተወለደች አንዲት አሮጊት ምንጩ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። ሁለታችሁም ዘመዶቼ ናችሁ፣ እስክትታረቁ አንድ እንስራ አይቀዳም አለች። ታረቁ።

ከዚያ ወዲህ መስቀል ሲያልፍ ክረምቱ የሞላውን ጭቃ መንደሩ በደቦ ይጠርጋል። ውሃውን ቀድማ የምትቀምሰው እዚያው ከተወለዱት ሴቶች ትልቋ ናት። አግብታ የመጣች አትቀምስም፣ ለባሏ ቤት ታደላለች ተብሎ። ዛሬ የመንደሩ ሴቶች ልጆች ወይ አፈር ገብተዋል ወይ ከተማ ገብተው ቀርተዋል። በዕድሜ የቀረነው እሷና እኔ ነን።

ለዚህ ነው እምቢ ያለችው፤ ቀማሿ እሷ ስለሆነች ምንጩን ለማን ትታ ትውጣ። ጉዳዩን ገና ሳላነሳው ጀመረች።

«ቅዳሜ ምንጩ ይጠረጋል። ቁልቁለቱን በዚህ ዓይን አልወርደውም። አንቺ ትቀምሻለሽ። በወጉ ከያዝሽው ሰኞ አብሬሽ ሐኪም ቤት ነኝ። ካበላሸሽው ግን ምንጩን ላልባሌ ሰው ትቼ የትም አልሄድም።»

ውሃ መጠጣት ምን ይከብዳል ብዬ ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ቅዳሜ

ወንዶቹ በአካፋና በዶማ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ገቡ። ሴቶቹ በባልዲ እየተቀባበሉ አወጡት። ረፋድ ላይ የደቦው አለቃ ኦቦ ቱሉ በቅል ቀድቶ ሰጠኝ። ሰው ሁሉ አፌን አየ። ጥርስ የሚሰነጥቅ ቅዝቃዜ ነው። ያው የከተማ ጨዋነቴ ነውና በጣም ይጥማል፣ እጃችሁ ይባረክ አልኩ።

አካፋው ሁሉ ባንዴ መሬት ወደቀ። እየተሳሳቁ ወደ ምግቡ ወጡ። ኦቦ ቱሉ ዓይኔን ማየት አፍሮ እግሩን እያየ አለፈ።

ከላይ ከተቀመጠችበት የእትዬ ድምፅ መጣ። «አንቺ ሴትዮ፣ የመጀመሪያው መቼ ይጥማል?»

ለካ የመጀመሪያው ማር ቢሆንም ይተፋል። አልጣመም ይባላል። ከዚያ እያጉረመረሙ ይመለሱና የታችኛውን ቆሻሻ ያወጣሉ። የምንጭ ዳር ልጅ ሁሉ የሚያውቀውን እኔ የከተማ ቧንቧ አስረሳኝ።  እትዬ ለግርማ ደውሉለት፣ እንዳይመጣ ስትል ሰማሁ።

ወጥቼ ተመለሱ ብላቸው እንጀራው ቀርቧል፣ ማን ይስማኝ። ኦቦ ቱሉ «እማማ፣ አንዴ ጥሟል ካሉ ጥሟል» አለኝ።

ወረድኩ። ጫማዬን አወለቅኩ፣ ቀሚሴን ሰበሰብኩ፣ ምንጩ ውስጥ ገብቼ ቁጭ አልኩ። ቅዝቃዜው ወገቤ ድረስ ሲመጣ የማውቀውን ቅዱስ ሁሉ ጠራሁ። ከዚያ ድምፄን ከፍ አድርጌ፦

«አልጣመም። እስክትመለሱ እዚሁ ነኝ። በብርድ ከሞትኩ ውሃውን የምትጠጡት እናንተው ናችሁ።»

ኦቦ ቱሉ ጉርሻውን አስቀመጠ። እየሳቀ ዶማውን ይዞ መጣ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ከሥር የበሰበሰ የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ አልቅትና አንድ እግር ሸበጥ ወጣ። ሸበጡን የኔ ነው ያለ የለም።

ሲጨርሱ ቀመስኩ። እውነቱን ለመናገር ይጥማል። ግን እግሬ ደንዝዟል፣ ቂም ይዣለሁ፤ እንትፍ አልኩና እንደገና አስቆፈርኳቸው። በሦስተኛው ነው ይጥማል ያልኩት።

 ከላይ እትዬ «ሦስቴ ማስቆፈር እኔም ደፍሬ አላውቅም» አለች። ቀጥላ ነጠላዬን አቀብሉኝ፣ ለግርማም ይምጣ በሉት አለች።

ቤት

እሁድ ግርማ በመኪና አወረደን፣ ሰኞ ታከመች፣ ከሐኪም ቤት በቀጥታ እኔ ጋ ፈረንሳይ መጣች። እኔ ጉንፋን፣ እሷ ፋሻ፤ ጎን ለጎን ተኛን። የጉዞዬን ትምህርት ለሚጠይቀኝ፣ በጨዋነት ቶሎ ይጥማል ማለት ምንጭ ያደፈርሳል እላለሁ። ምራቶቼም ይጠንቀቁ፣ ወጣቸውን ከእንግዲህ ቶሎ ይጥማል አልልም።

በማግስቱ ፋሻው ተፈታ። እትዬ ትክ ብላ አየችኝና «እውነትም ወፍረሻል» አለች። ዞር ብዬ እንባዬን ጠረግኩ፣ በጉንፋኑ አሳበብኩ።

ግርማ ከቧንቧ ውሃ ቀድቶ ሰጣት። ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስታ አየችው፣ ተጉመጠመጠች፣ ሳህኑ ላይ ተፋችው።

«አልጣመም።»

ልጁ ደንግጦ ሌላ ሊያመጣ ተነሳ። ተቀመጥ ልጄ አልኩት፤ እናትህ ድናለች።