አባባ ሳይኖሩ የፈታሁት ኦርጋን

እኔ ፈሪ ነኝ፤ ይህን ስናገር አላፍርም። ሠላሳ ዓመት አልፎኝ፣ ካዛንችስ ቢሮ እየሠራሁ፣ አባባ በር ላይ ሲያስሉ ሲጋራዬን የምደብቅ ሰው ነበርኩ። እንግዲህ የአባባን ኦርጋን የፈታው ይኸው ጀግና ነው።

አባባ በወጣትነታቸው በቀበሌ ኪነት፣ ኋላም በየሠርጉ ኦርጋን ይጫወቱ ነበር። ቂርቆስ ያለውን ጠባብ ሳሎናችንን ያጣበበው ያ ኦርጋን ድምፁ ከጠፋ ዓመታት አልፈው ነበር። "ሞቷል፤ ማንም እንዳይነካው" አሉ፣ በቃ። ሠሪ ልጥራ ባልኩ ቁጥር ይቆጣሉ። እኔ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ አንድ ነገር አየሁ። ከቁልፎቹ ሥር የሚወጡትን ሽቦዎች ውስጡ ካለው ከተቃጠለው የኤሌክትሪክ ቦርድ ቆርጠህ ትንሽ አዲስ ቦርድ ላይ ትበይዳለህ፤ ኦርጋኑ የትኛው ቁልፍ እንደተነካ ለላፕቶፕ ይነግራል፣ ድምፁን ላፕቶፑ ያወጣል። ሚዲ ኮንትሮለር ይሉታል።

አባባ ለተዝካር ደብረ ብርሃን ሲሄዱ ሦስት ቀን አገኘሁ። እማዬ "እኔ የለሁበትም!" ብላ ጓዳ ገባች። የመጀመሪያውን ሽቦ ስቆርጥ መቀሱ ከእጄ ሊያመልጠኝ ነበር። ሁሉም አንድ ዓይነት ግራጫ ስለሆኑ በየሽቦው ላይ ፕላስተር ለጥፌ ቁጥር ጻፍኩ።

በሁለተኛው ቀን፣ ግማሹን እንኳ ሳልበይድ፣ ስልኬ ጮኸ። "መኪና ይዣለሁ፤ ከሰዓት እገባለሁ" አሉ አባባ። ጉድ ፈላ! ጣቴን ሁለቴ አቃጠልኩ፤ የቀረችኝን ሽቦ ስበይድ እየጸለይኩ ነበር። ላፕቶፑን ሰክቼ አንዱን ቁልፍ ስነካ ድምፅ ወጣ። ቀና ስል አባባ ቦርሳቸውን እንደያዙ በሩ ላይ ቆመዋል።

"ከፈትከው?"

"ይቅርታ አባባ፣ ማለቴ... ግን ይሠራል እኮ።"

ጩኸቱን ጠበቅሁ፣ አልመጣም። ቦርሳቸውን አስቀምጠው መጡና ኦርጋኑ ፊት ተቀመጡ። እጃቸውን ቁልፎቹ ላይ ሲያሳርፉ ጣቶቻቸው ይንቀጠቀጣሉ። አንዱን ሊነኩ ሁለቱን ይነካሉ። ደግመው ሞከሩ፣ ያው ነው።

"ጣቴ አልታዘዝ ካለኝ ቆይቷል" አሉ በሹክሹክታ። "ኦርጋኑ ሞቷል ስል፣ ተጫወትልን የሚለኝ አልነበረም።"

የእውነት የፈራሁት ያኔ ነው። ምን እንዳደረግኩባቸው ገባኝ፤ የምገባበት ጠፋኝ።

"ድምፅ ሰማሁ ልበል? ተሠራ እንዴ?" አለች እማዬ ከጓዳ። "ቆይ ጎረቤት ልጥራ!"

ኬብሉን ነቀልኩት። "አልሆነም እማዬ፤ ጭራሽ አበላሸሁት።"

አባባ የተነቀለውን ኬብል አዩ፣ እኔንም አዩኝ። ከዚያ ከመቀመጫቸው ተነሱና "ነግሬህ አልነበረም? ማን ንካ አለህ?" ብለው ግቢው እስኪሰማ ጮኹብኝ።

"ይቅር ይበሉኝ አባባ" አልኩ፤ እስኪበቃቸው ድረስም አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ።