ግራሶ ያልነካው ሰንሰለት

ታንኩ ያምር ነበር። ያቅለሸለሸኝም ማማሩ ነው። ተንጋዶ የልጅ መጫወቻ ቢመስል ኖሮ ስቄ አልፈው ነበር።

የሠራው በከር ነው። በከርን ያወቅሁት ልደታ ኮንዶሚኒየም ስገባ የበረንዳዬን የብረት ፍርግርግ ሲሠራልኝ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ወዳጆች ሆነን ቀረን። የብየዳ ቤቱ አብነት ሰፈር ውስጥ፣ አንድ የኮብልስቶን ቅያስ መግቢያ ላይ ነው፤ ከፊት ሥራው፣ ከኋላ መኖሪያው፣ መሃላቸው የላሜራ ግድግዳ። በልጅነቱ ከወሎ መጥቶ ብየዳ ተማረ፤ የሰፈሩን ግማሽ በርና መስኮት የሠራው እሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሚስቱ ሞታ፣ ልጅም ሳይኖረው ብዙ ጊዜ ብቻውን ኖረ። የሰሜኑ ጦርነት ወሎ ሲደርስ ታላቅ እህቱ ሀሚዳ ባሏን አገር ቤት ቀብራ መጣችበት። ከዚያ በኋላ ፊቱ ላይ ሥጋ ወጣ፣ ሸሚዙ ቁልፍ አገኘ። "ይሄ ቤት የሆነው እታለም ስትገባበት ነው" ይለኝ ነበር። ከእሷ ሌላ ሰው የለውም።

የታንኩ ትእዛዝ ሲመጣ እዚያው ተቀምጬ ነበር። ኤልያቄም የሚባል፣ ላውንጅ ሊከፍት የተነሳ ወጣት መኪናውን አቁሞ ገባ።

"ጋሼ፣ ታንክ ይሠራሉ?"

"ስንት ሊትር የሚይዝ?" አለ በከር።

ልጁ በሳቅ ፈረሰ። "የውሃ ታንከር አይደለም ጋሼ! ታንክ ነው፣ የጦር ሜዳው! ጥጃ የሚያክል፣ ግን በራሱ የሚሄድ። ሰው ውስኪ ሲያዝ አስተናጋጅ አይመጣለትም፣ ታንክ ነው የሚመጣለት። አፈሙዙ ቀና ይላል፣ ጭሱን ይተፋዋል። ከተማው ያብዳል!"

"ለመጠጥ?" በከር መጠጥ ባፉ ዞሮ አያውቅም።

"እርስዎ ጠጡ ተባሉ እንዴ? እርስዎ ብረቱን ነው። የአራዳ ሥራ ነው ጋሼ። ጀለሶቼ 'ይሄን ከበከር ሌላ የሚሠራልህ የለም' ብለው ነው የላኩኝ።"

ያቺ የመጨረሻዋ ቃል ያዘችው። ልጁ ከወጣ በኋላ፣ "እድሜ ልኬን በር ሠራሁ፤ በር ሲከፍት 'ማን ሠራው?' የሚል ሰው አጋጥሞህ ያውቃል?" አለኝ።

"እህትህስ?" አልኩት። "ታንክ ከገባበት ከተማ አይደል እንዴ የመጣችው?"

"እሷ ከግድግዳው ወዲያ ናት። ምን አገናኛት?"

ለሀሚዳ "ማሽን ነው" ብሏት ሸራ አለበሰው። ሥራው ውስጥ ግን ሰጠመ። የእውነተኛ ታንክ ፎቶ በስልኩ እያጎላ፣ በኖራ ወለሉ ላይ እየሳለ፣ ላሜራ በእሳት አግሎ በመዶሻ እየቀጠቀጠ ከላይ የሚዞረውን የታንኩን ራስ አወጣ። ጎማዎቹን ቶርኖ ቤት አስቆርጦ በኩሽኔታ ላይ አቆማቸው። የሰንሰለቱን እያንዳንዱን ጥርስ ከወፍራም ብረት ቆርጦ፣ ሞርዶ፣ በፒን አያያዘ። ከተበላሹ የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክሎች ሁለት ሞተር አውጥቶ ለግራና ለቀኝ ከፈላቸው፤ አንዱ ሲቆም ሌላው ያዞረዋል፣ ልክ እንደ እውነተኛው። የብየዳው ስፌት በጣት ሲዳሰስ አይታወቅም።

በሰማንያ ሦስት ግንቦት፣ ልጅ ሆኜ፣ መንገድ ላይ ቆሞ የቀረ ታንክ አይቻለሁ። የሰፈር ልጆች እየተገፋፋን ወጣንበት። ክዳኑ ክፍት ነበር። ቀድሞ ወደ ውስጥ ያየው ልጅ ወርዶ አስመለሰ። እኔ አላየሁም፤ ሽታው ግን ደረሰኝ። የተቃጠለ ጎማ ነበረበት፣ ሌላም ነገር፤ ጣፋጭነት ያለው። እስከ ዛሬ የትም ቦታ ጎማ ሲቃጠል ያንን ሌላውን ሽታ እጠብቃለሁ።

በከር የራሱን ታንክ ክዳን በትንሿ ማጠፊያ ከፍቶ ሲያሳየኝ እጄን ወደ አፍንጫዬ ልኬ ነበር። ውስጡ የበረዶ ማስቀመጫ ነው።

ሊያልቅ ሲል ኤልያቄም ለሙከራ መጣ። ሄደ፣ ዞረ፣ አፈሙዙን አነሳ። ልጁ ግን ፊቱ አልፈታም።

"ሁሉም አሪፍ ነው ጋሼ፣ ድምጹ ግን የስፌት መኪና ነው። አያስፈራም። በቃ ስፒከር ገጥመን ከኢንተርኔት እንልቀቅበት?"

በከር እንደ ተሰደበ ቆጠረው። ስፒከር! በነጋታው ብቅ ስል እጁን በቤንዚን እየታጠበ አገኘሁት። ፊቱ ፈክቷል።

"አገኘሁት" አለኝ።

"ምኑን?"

"ድምጹን። እታለምን ጠየቅኋት።"

የሰማሁትን ማመን አቃተኝ። "ምን ብለህ?"

"'ታንኩ በደጃፍሽ ሲያልፍ ድምጹ እንዴት ነበር?' አልኳት። 'ሰው ያጓራል ይላል፣ የሚያጓራው ከሩቅ ነው። ቅርብ ሲመጣ ያፏጫል። ግራሶ ያጣ በር ሲከፈት እንደሚለው፣ ግን የማያባራ። ጥርስ ያሳክካል' አለች። አየህ? እኔ ሞኙ ሰንሰለቱን ግራሶ አጥግቤው ነበር!"

"ሌላስ አላለችህም?"

ጨርቁን አንስቶ ጣቶቹን አንድ በአንድ ጠረገ። "ብላለች። የዒሳ ሽርጥ በሰንሰለቱ ውስጥ ነበር አለች። ሲዞር ይታያል፣ ሲዞር ይጠፋል። እሱን ከመንገዱ ላይ በአካፋ ነው ያነሳነው አለች።" ዒሳ ባሏ ነው። በጦርነቱ ሞተ ከመባል ሌላ በከርም የሚያውቀው አልነበረም።

"ከዚያስ?"

"ኢና ሊላሂ አልኩ።"

"ከዚያስ በከር?"

"ከዚያማ መጥቼ ግራሶውን በቤንዚን አጠብኩት።"

ይህን ሲለኝ አፍሮ ቢሆን እንዴት በወደድኩ። አላፈረም። ሞተሩን አስነሳና አሰማኝ። ትክክል ነበር። ጥርሴን አሳከከኝ።

ሊያስረክብ ሲል ሸራውን ገፎ ቅያሱ ላይ አወጣው። ጎረቤት ተሰበሰበ፣ ስልክ ተደቀነ። ሰንሰለቱ የኮብልስቶኑን ድንጋይ ሲነካ ፉጨቱ ከግድግዳ ግድግዳ ተላተመ። አንዲት የጀበና ቡና ሻጭ "ውይ፣ እንዴት ያምራል! ለሠርጌ አከራየኝ" ብላ ሰፈሩን አሳቀች። ያን ጊዜ ሀሚዳ በሩ ላይ ቆማ አየኋት። ሻሿን ባንድ እጇ ይዛ ታንኩ እስኪዞር ጠበቀች።

"አዎ" አለች። "እንደዚያ ነው።" ገባች።

በከር ወደ እኔ ዞሮ ጥርሱን ገለጠ። ምርቃት መስሎታል።

የላውንጁ ምረቃ እሁድ ከሰዓት ነበር፤ በከር ስለለመነኝ ሄድኩ። አስተናጋጆቹን የወታደር ልብስ አልብሰዋቸዋል። ታንኩ ጠርሙስ ተሸክሞ እያፏጨ ከመጋረጃ ሲወጣ ጩኸቱ ጆሮ አደነቆረ። "ተኩስ! ተኩስ!" ይላሉ። አንዱ ተንበርክኮ አፈሙዙን ሳመ፤ ሌላው ውስኪ ደፋበት፤ አንዷ ጫማዋን አውልቃ ጀርባው ላይ ተቀመጠችና ፎቶ ተነሳች። ሁሉም ቆንጆ ለብሰዋል፣ ሁሉም ሽቶ ሸተዋል። በከር በሩ አጠገብ ለስላሳውን እንደያዘ ቆሟል። አንድ ሰው መጥቶ "እርስዎ ነዎት የሠሩት?" አለው። ሲጠብቀው የኖረው ጥያቄ መጣ። "እኔ ነኝ" አለ፤ ደጋግሞ።

ቀጥሎ ያለውን የነገረኝ እሱ ነው። ቤት ሲገባ ሀሚዳ እራት አቅርባለች፤ ከመጣች ጀምሮ ከአንድ ትሪ ይበሉ የነበሩ ሰዎች ፊት ሁለት ሰሃን።

"እንግዳ አለ?"

"የለም።"

"ታዲያ?"

"ያንተ ያ ነው።"

"እጄን ታጥቤያለሁ እኮ እታለም።"

"አይቻለሁ" አለች።

ከዚያ ወዲያ ሁልጊዜ ሁለት ሰሃን ሆነ። ልብሱን ታጥብለታለች፣ ትተኩስለታለች፣ ሲያመው ዱዓ ታደርግለታለች። ከእጁ ጋር እጇን አንድ ትሪ ውስጥ አታስገባም። ኤልያቄም ተመልሶ መጥቶ "ጋሼ፣ አሁን ደግሞ ከጣሪያ የምትወርድ ሄሊኮፕተር!" ሲለው "በር ከፈለግህ እሠራልሃለሁ" ብሎ ሸኘው። ለእህቱም ነገራት። "ደግ አደረግህ" አለችው። እራቱ በሁለት ሰሃን ቀረበ።

በመጨረሻ ሽማግሌ ሁነኝ አለኝ። ወዝ ከፊቱ ጠፍቶ ነበር። ሄድኩ። ሀሚዳ ወንበር አቧራውን ጠርጋ አስቀመጠችኝ።

"እትዬ ሀሚዳ፣ በከር አጥፍቷል፤ ይቅር በይው ልልሽ ነው የመጣሁት።"

"አልተጣላን እኮ ወንድሜ። ምኑን ታስታርቀናለህ? ይቅር ካልኩት ቆየሁ።"

"ታዲያ ሰሃኑ?"

"እሱ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። ዒሳን ነገርኩት። ሰምቶ ተነሳ፤ የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር። በግድግዳው ሰማሁት፤ ብረቱን ያጥባል።" ጉልበቷን አሻሸች። "እኔ አይደለሁም፣ ሆዴ ነው። እጁ ወደ ትሪው ሲመጣ ጉሮሮዬ ይዘጋል። ሽማግሌ ከሆንክ ለሆዴ ንገርልኝ።"

ምሳ ሳትበላ አትሄድም ብላ ያዘችኝ። ሽሮውን በትሪ አቅርባ እሷም ከፊቴ ተቀመጠች፤ "ብላ እንጂ" አለችኝ። ከመጀመሯ በፊት ግን ተነሳችና የበከርን ሰሃን በክዳን ሸፍና፣ ግድግዳውን ዞራ፣ ሥራው ላይ ወሰደችለት።