ፑሊያችንን ማን ቆረጠው?

ብምልላችሁም አታምኑኝም፤ ቢሆንም እምላለሁ። የቀበሌያችን ብቸኛ ወፍጮ ቆመ። ቀበቶውን የሚያዞረው የብረት መዘውር፣ ፑሊው፣ ከዘንጉ ጋር የሚያይዘው ሽብልቅ የሚገባበት ቦይ ተበልቶ፣ ዘንጉ ብቻውን ይዞራል። አገሩ ሁሉ ንፍሮ እየበላ ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፋ።

ከወፍጮው አጠገብ ይበልጣል የሚባል ቀጥቃጭ አለ። «ቡዳ ነው» ብለን ሰላምታ እንኳ የምንነፍገው ሰው ነው፤ ፑሊያችንን ልናስነካው ነው እንዴ! እኔና ባለወፍጮው አያ ታረቀኝ ፑሊውን በበቅሎ ጭነን፣ በደጁ ፊታችንን አዙረን አልፈን፣ ደብረ ማርቆስ ገባን።

ሼፐር የሚሉት የብረት መቁረጫ ማሽን ያለው ሰውዬ ክራባት አስሯል። ማሽኑን ቢያስነሳው ባዶውን ወደ ፊት ወደ ኋላ እንደ ደብተራ ይወዛወዝ ጀመር።

«ጌታው፣ የውስጥ ቦይም ይቆርጣል?» አለ አያ ታረቀኝ።

«ይሄ ፀጉር ለሁለት ይሰነጥቃል! የናንተ ቀጥቃጭ ዕድሜ ልኩን ቢወቅጥ አይደርስበትም። ሐሙስ ኑ።»

አያ ታረቀኝ ጉልበቱን ሊስመው ምንም አልቀረው።

ሐሙስ ብንሄድ ፑሊው የለም። «እየቀዘቀዘ ነው» አለን፣ ላቡን እየጠረገ። ሦስት ቀን ሙሉ የማይበርድ ብረት በሲኦልም አልሰማሁ! ይህን ሳስብ በሩ ተከፈተና ይበልጣል ጆንያ ተሸክሞ ገባ።

«ጌታው፣ ያሉኝን ቦይ ቆርጬ አመጣሁ» ብሎ ፑሊያችንን ከጆንያው አወጣ። በመሮና በሞረድ የተሠራው ቦይ እንደ መስታወት ያብረቀርቃል። ባለክራባቱ ወደ ጣራው አየ። ይበልጣል ዞር ሲል እኔንና አያ ታረቀኝን አየና ጮኸ፦

«ምነው እናንተ ሰዎች! በደጄ ስታልፉ ብትጥሉልኝ ምን ነበረበት? ይሄን ሁሉ ብረት ማርቆስ ድረስ ደርሶ መልስ ታሸክሙኛላችሁ?»